መኪና ለመንዳት ነው

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች በተሰበሰቡበት ስለ መኪና ማውራት እንደ ነውር ይቆጠራል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ስደት፣ ስለ ጨረቃ መጻፍ ይፈቀዳል፤ ስለ ካርቡራቶር መጻፍ ግን የጋራዥ ሰው ሥራ ነው ይባላል። እኔ ይህን ክልከላ አልቀበልም። ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ነው፤ ያውም ስለ ውዷ ሳይሆን ስለ ትንሿ፣ ከተሠራች አርባ ዓመት ስላለፋት። የምሟገተውም ለአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፦ መኪና ለመንዳት ነው።

ነገሩ ሙግት የማያሻው ይመስላል። ዙሪያችንን ስናይ ግን መኪና ለመታየት ነው፤ መኪና ለማስቀመጥ ነው፤ መኪና ቀን ሲከፋ ለመሸጥ ነው። እገሌ መኪና ገዛ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ገዛት?» የሚል ነው። ሁለተኛው «አሁን ብትሸጥ ስንት ታወጣለች?» ይላል። «እንዴት ትሄዳለች? መታጠፊያ ላይ ትታመናለች? ፍሬኗ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው።

መኪናን የሚያመልከው ባለ ገንዘብና መኪናን የሚንቀው ባለ ቅኔ ጠላቶች ይመስላቸዋል። በእኔ ዐይን ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከመኪናዋ የሚያዩት ዋጋዋን ብቻ ነው። አንዱ በዋጋዋ ይኮራል፤ ሌላው ስለ ዋጋዋ ይጸየፋታል። እጅ፣ እግር፣ ጆሮና መንገድ አንድ ላይ ሲሠሩ የሚፈጠረውን ነገር፣ ማለትም መንዳትን፣ አንዳቸውም አያውቁትም። ጠቤ ከሁለቱም ጋር ነው።

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይሻሉ ነበር። ፈረስ የነበረው ሁሉ ሀብታም አልነበረም፤ ሀብታም የነበረውም ሁሉ ፈረሰኛ አልተባለም። ፈረሰኛ የሚለው ስም የሚገኘው በመግዛት ሳይሆን በመጋለብ ነበር። ስለዚህ ነው ነገሥታቱ እንኳ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ የሚከበሩት፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረሱ ስንት እንደተገዛ የሚነግረን የለም። ከሰውየው ጋር የዋለበት ቦታ ግን ይነገራል። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለውዱ ፈረስ አይደለም፤ ኮርቻው ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በምን ጊዜ ልጓሙን እንደሚስብ፣ በምን ጊዜ እንደሚለቅ ለሚያውቀው ጋላቢ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ብሂልም የተናገረው ይህንኑ ነው። ፈረሱ ያደርስሃል፤ ቀሪው ያንተ ነው። ይህ ብሂል በአንድ ትውልድ ውስጥ ተገልብጦ «መኪናው ይዋጋልኛል» የሚል ሰው ፈጠርን። ትልቅ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ራሱን ትልቅ አድርጎ ይቆጥራል። ክላክስ ሲያደርግ አህያም፣ ባጃጅም፣ ሽማግሌም እኩል ይበተንለታል። ይህን ሰው ሾፌር እንለው ይሆናል፤ ፈረሰኛ ግን አንለውም።

ሕዝቡ ግን የፈረስ ስም የማውጣት ልማዱን ፈጽሞ አልተወም። ሚኒባሱን አንዴ አባዱላ፣ አንዴ ዶልፊን አለው፤ በፍጥነቱ ያስለቀሰውን አይሱዙ አልቃይዳ ብሎ ጠራው። እነዚህን ስሞች ያወጣቸው ባለቅኔ አልነበረም፤ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ነው። በስሞቹ ውስጥ አድናቆትም፣ ፍርሃትም፣ ፍርድም አለ። የመንገዱ ሰው ተሽከርካሪውን በጠባዩ ሲሰይመው፣ የተማርነው እኛ በዋጋው እንሰይመዋለን።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ ልምድ የሌለው ሙግት ባዶ ቆርቆሮ ነውና። እኔ የኮላ ድባ ልጅ ነኝ። ከአዘዞ ተገንጥሎ ወደ ጣና የሚወርደው መንገድ ኮላ ድባንና ጯሂትን አልፎ ጎርጎራ ላይ ከሐይቁ ይገናኛል። ከጎንደር ኮላ ድባ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለማያውቀው ሰው አሰልቺ ሜዳ ነው። ለሚያውቀው ግን ደንቢያ ከሾፌር ጋር የሚነጋገር ምድር ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ አፈር በላዩ የሚሠራበትን መንገድ ዝም ብሎ አይሸከምም፤ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል፣ ጎንና ጎኑን ያዘመዋል። ዐይን ሜዳ ነው የሚለውን ጎማ ባሕር ነው ይለዋል። በዚህ ላይ ከብቱ፣ አህያው፣ ሽምብራ የጫነው ጋሪ፣ ከቀብር የሚመለሰው ሕዝብ አለ። በዚህ መንገድ ላይ መንዳት ማለት ማንበብ ነው፤ ይህን ቃል በአንባቢያን ፊት የተጠቀምሁት አስቤበት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ በመጀመሪያ ቮልስ፣ ቀጥሎ ኮሮላ ዲኤክስ ነድቻለሁ። ሁለቱንም የገዛኋቸው ሌላ ሰው ከጠገባቸው በኋላ ነው። ቮልሷ ሞተሯን ከኋላዋ ተሸክማ፣ በውሃ ሳይሆን በነፋስ እየቀዘቀዘች፣ ጭቃ ላይ ጎማዋን በክብደቷ እየተጫነች ታልፋለች። ዲኤክሷ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። እኔ የነዳኋት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአራተኛው ትውልድ ኮሮላ ናት፤ የኋላ ጎማዎቿ የሚገፏት፣ 1,290 ሲሲ ሞተር ያላት፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች የሆነ። ጉልበቷ ስድሳ ሰባ የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። የዛሬ ወጣት ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል። እስኪ ይሳቅ፤ ስቆ ሲጨርስ የምለውን ይስማ።

«የፈረስ ጉልበት» የሚለውን መለኪያ ያወጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት ሞተሩን ለሚገዙ ሰዎች ሞተሩ ስንት ፈረስ እንደሚተካ ማስረዳት ስለነበረበት የፈረስን ሥራ ለካ። የለካው ግን የሚጎትት ፈረስን ነው። የሚጋለበውን፣ የሚታጠፈውን፣ ልጓም የሚሰማውን አልለካም። መለኪያው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ስለ መጎተት እንጂ ስለ መጋለብ የሚናገረው ነገር የለውም። እኛ ግን መኪናን ሁሉ በዚህ አንድ ቁጥር እንፈርጃለን።

ደግሞም ቁጥሩ በወረቀት እንደተጻፈው ጎንደር አይደርስም። ቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሃያ በመቶ ያህሉን ያጣል። ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ሩቡን ያህል ያጣል። በካርቡራቶር ለሚሠራ ሞተር ጉዳዩ ይብሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ የደጋ መካኒክ የቤንዚን መርጫዋን ቀዳዳ ያጠብባል፣ የእሳቱን ሰዓት ትንሽ ያስቀድማል፤ ከዚያ በኋላ ያቺ የተናቀች ሞተር ጉሮሮዋ እንደ ተከፈተ አዝማሪ ትሆናለች። ይህን ሲሠራ ያየሁት ሽማግሌ መካኒክ መሣሪያ አልነበረውም፤ ጆሮውን ብቻ ወደ ኮፈኑ ዘንበል ያደርጋል። ጠመዝማዛውን በጥፍር ልክ ይነካና ያዳምጣል፤ እንደገና ይነካና ያዳምጣል። «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚበቃዎት?» ብለው «እሷ ይበቃኛል ስትል ነው፣ ልጄ» አለኝ። ቅኔ ቤት ውስጥ ለዜማ የሚሰጠው ጆሮ ከዚህ የተለየ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ወደ ከባዶቹ ልለፍ። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ላንድ ክሩዘር ክብደቱ ከሁለት ቶን ተኩል ይበልጣል። ጉልበቱ ብዙ ነው፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ዲኤክሷን ጥሏት ይሄዳል፤ ይህን አልክድም። ገደል ሲመታ፣ ወንዝ ሲሻገር፣ በሽተኛ ሲጭን ክብር ይገባዋል። በመታጠፊያ ላይ ግን ያ ሁሉ ክብደት ወደ ውጭ ይጎትተዋል፤ በቁልቁለት ላይ ያ ሁሉ ክብደት ፍሬኑን ይጋግረዋል። ክብደት ለመንዳት ጥበብ ጠላት ነው። የእንግሊዙ ሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ሥራውን ሁሉ ያቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው፤ ጉልበት የጨመርህለት መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይፈጥናል፣ ክብደት የቀነስህለት ግን በሁሉም ቦታ ይፈጥናል።

ታሪኩም ይመሰክርልኛል። ሚኒ የተባለችው ያቺ የክብሪት ቀፎ የምታክል የእንግሊዝ መኪና የሞንቴ ካርሎን ራሊ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1967 አሸንፋለች፤ ከኋላዋ የቀሩት በሞተር የሚያስንቋት ነበሩ። ወደ ጎረቤታችን ብንመጣ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ጭቃውና አቧራው ከደንቢያ የሚለይ አልነበረም። ያን ውድድር ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፋለች። ፔጆ 404 ደግሞ በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ አሸንፏል። እነዚህ የልዑላን መኪናዎች አልነበሩም። በዚያው ዘመን በእኛም ከተሞች አስተማሪና ጸሐፊ የሚነዷቸው ዓይነት ነበሩ። መምህሩ ግቢ ውስጥ የቆመችው ቮልስ የአፍሪካን አስቸጋሪ ውድድር ያሸነፈች መኪና እኅት መሆኗን የነገረን ግን አልነበረም። ብንሰማ ኖሮ በሌላ ዐይን እናያት ነበር።

ክብደትን እንደ ኃይል የመቁጠር አባዜ አዲስ አይደለም። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ተቀልጦ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሺዎች ትከሻ ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወጣ። የንጉሡን ሕልም አከብራለሁ፤ ለዚያ መድፍ የተጠረገው መንገድም የምሕንድስና ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት እሮጌ ላይ ያ ክብደት ቀኑን አልመለሰውም። ከዚህ ታሪክ ለመኪና የሚሆን ትምህርት ማውጣት የሚያሳፍረው ሰው ቢኖር እኔ አላፍርም።

ወደ ዛሬው ገበያ እንምጣ። ዲኤክስ ዛሬ ርካሽ ናት ማለት አይቻልም። ከተሠራች አርባ ዓመት አልፏት ዋጋዋ በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ የወጣች ዕለት ዋጋዋ መውደቅ ይጀምራል፤ ወጣቱም ያን የወደቀውን ዋጋ ተጠቅሞ፣ ከአባቱ ዕድሜ ጋር የምትመጣጠን መኪና ገዝቶ መንዳት ይማራል። የርካሽ ፈጣን መኪና ፍቅር የሚወለደው በዚህ መንገድ ነው። እኛ ጋ ይህ በር ተዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን በዕድሜያቸው ልክ እየጨመረ ቀረጣቸው፤ በጣም ባረጁት ላይ ታክሱ የዋጋውን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጭስንና አደጋን ለመቀነስ ነው ተባለ፤ ምክንያቱ መናቅ የለበትም። ውጤቱ ግን እዚሁ የነበሩት አሮጌዎች ወርቅ መሆናቸው ነው። አዲስ አሮጌ ሳይገባ ነባሩ አሮጌ ከመንገድ አይወጣም፤ ይልቁንም ይወደዳል።

ወርቅ የሆነ ነገር ደግሞ አይነዳም፤ ይሸፈናል። በጎንደርም በአዲስ አበባም ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሰው የቆሙ ዲኤክሶች አሉ። ባለቤቶቻቸው በእሑድ ሸራውን ገልጠው ያጥቧቸዋል፤ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያስነሡታል፤ መልሰው ይሸፍኗቸዋል። ይህ ፍቅር አይደለም፤ ይህ ቁጠባ ነው። ብሩ በባንክ ዋጋ ስለሚያጣ መኪናዋ የባንክ ደብተር ሆናለች። እኔ ባለቤቶቹን አልወቅስም፤ ኑሮ አስገድዷቸዋል። ነገር ግን የቁጠባ ደብተርን «የመኪና ፍቅር» ብለን እንዳንጠራው እለምናለሁ። ፈረሱን በረት ዘግቶ ሲቀልበው የሚኖር ሰው ፈረሰኛ ተብሎ አያውቅም።

ማርሚታውን ቀዶ ከተማውን የሚያደነቁረውም ወጣት እንዲሁ ነው። ቀለሟን ያበራል፣ ጎማዋን ያሰፋል፣ ከኋላ መስተዋቷ ላይ ጥቅስ ይለጥፋል፤ መታጠፊያ ላይ ግን ፍሬን መቼ እንደሚያዝ አያውቅም። ድምፅ ፍጥነት አይደለም። ጩኸት ጀግንነት ቢሆን ኖሮ ጭልፊት ፊት የምታሸንፈው ጫጩት ነበረች።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ብዙዎች የሚጠብቁኝ በዚህ ላይ ሙሾ እንዳወርድ ነው። አላወርድም። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ደባርቅም ሲወጣ ጉልበቱ አይጎድልበትም። በቁልቁለት ላይም መኪናዋን እያዘገየ የወረደበትን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለደጋ አገር ይህ ስጦታ ነው። ባትሪው ከባድ ነው፤ ኮላ ድባ ላይ የመብራት ነገርም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ይሁንና የኤሌክትሪኳም መኪና የምትመዘነው በዚያው መለኪያ ነው፦ እንዴት ትነዳለች? በር ላይ ቆማ ጎረቤት ለማስቀናት ከሆነ ቤንዚንም ኤሌክትሪክም ልዩነት የላቸውም።

አሁን ትልቁን ተቃውሞ ልመልስ። «በየዓመቱ ብዙ ሺሕ ሰው በመኪና አደጋ በሚያልቅበት አገር ስለ ፈጣን መኪና ፍቅር ትጽፋለህን? ደም ላይ ቆመህ ስለ ደስታ ታወራለህን?» የሚለኝ አለ። ይህ ከባድ ቃል ነው፤ መልሱም መሸሽ የለበትም።

መልሴ ይህ ነው። ሕዝባችንን የሚገድለው መንዳትን የሚወድ ሰው አይደለም፤ መንዳትን የሚንቅ ሰው ነው። የፍጥነትን ሕግ የሚያውቅ ሰው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ያውቃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ ድረስ፣ በአንዲት ሰከንድ፣ ሃያ ሁለት ሜትር እንደሚያልፍ ያውቃል። ሃያ ሁለት ሜትር ማለት ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች መንገድ የሚሻገሩበት ስፋት ብዙ እጥፍ ነው። ይህን በሰውነቱ የሚያውቅ ሰው ኮላ ድባ ገበያ ሲገባ ማንም ሳያዝዘው ይቀዘቅዛል።

የማያውቀውን ደግሞ ሊማሊሞ ላይ ፈልጉት። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ያን ጠመዝማዛ ጣሊያን በወረራው ዘመን በተራራው ወገብ ላይ ቆረጠው። እንደዚያ ያለ የመንጃ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ ብዙ የለም። በዲኤክስ ወርጄበታለሁ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዝልህ ትለቃለህ፤ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት በአጭሩ ነክተህ ትለቀዋለህ፤ መሪውን በእርጋታ ታዞራለህ፤ መውጫው ሲታይህ ቤንዚን ትሰጣታለህ፤ የኋላ ጎማዎቿ ሲገፉህ በወገብህ ይሰማሃል። ፍጥነቷ በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ደስታው ግን ሙሉ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ የጭነት ሾፌር አለ። ክብደቱን ሁሉ ለፍሬኑ ብቻ ያሸክማል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይጤሳል፣ በመጨረሻም አይዝም። ከዚያ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ፍሬኑ አልበጠሰም፤ ዕውቀት ነው የበጠሰው። ለብረቱ ጥፋት ሰጥተን ሰዎችን እንቀብራለን።

እንግዲህ ጥበቡን ማስተማር ከደም ጋር የሚቃረን ሳይሆን ደምን የሚያስቀር ነው። የመንጃ ፈቃድ ስንሰጥ ግን ምን እናስተምራለን? ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ፣ በተተከሉ እንጨቶች መካከል ማቆም፣ የምልክቶችን ስም መሸምደድ። እርጥብ መንገድ ላይ ድንገት ፍሬን መያዝ፣ የተንሸራተተች መኪናን መመለስ፣ በማርሽ ቁልቁለት መውረድ በልምምዱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሰው እነዚህን የሚማረው ተሳፋሪ ጭኖ ነው። ጉግስ የሚጫወት ልጅ እንኳ ሜዳ ላይ ይለማመዳል እንጂ በገበያ መካከል አይማርም።

ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ልዩ ክስ አለኝ። የመኪና ቋንቋ ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ አላያችሁትም። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ሁሉም የጣሊያን ልጆች ናቸው። አርበኞቻችን ወራሪውን በአምስት ዓመት ተጋድሎ አስወጡት፤ መካኒኮቻችን ቃሎቹን ማርከው አስቀሩ። ማርከውም ዝም አላሉም፤ በአማርኛ ሰዋስው አስገድደው አሠሯቸው። «ማርሽ ቀየረ» ስንል ሰው ጠባዩን ለወጠ ማለታችን ይሆናል፤ «ፍሬኑ በጠሰ» ስንል ራሱን መግዛት ያቃተውን እናማለን። ከጋራዥ ወደ ምሳሌያዊ ንግግር የተሻገረውን ይህን ሀብት ማን መዘገበው? የጦር ሜዳ ቃላትን እንሰበስባለን፣ የእርሻ ቃላትን እንሰበስባለን፤ ዘይት የነካው ቃል ግን ንጹሕ አይደለም ብለን እንተወዋለን።

እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪና በታሪኮቻችን ውስጥ የሚገባው ገጸ ባሕርይ ለመግጨት፣ ሙሽራ ለመጫን ወይም ባለ ሥልጣን ለማውረድ ሆኖ ነው። መሪውን የጨበጠው ሰው ምን እንደሚሰማው የሚናገር ገጽ እስካሁን ርሃብ ነው። የፈረስ ፉከራ ያላት ቋንቋ የመሪ ፉከራ ለምን ያንሳታል?

ስለ መንገዱ የዛሬ ሁኔታ ሳልናገር ባልፍ ግብዝ እሆናለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዶቻችን ሲከፈቱና ሲዘጉ ኖረዋል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም። ቤንዚን በጀሪካን ከእጥፍ በላይ ሲሸጥ አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ መንዳት ደስታ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን የተገላቢጦሹን እላለሁ። መንገድ የሁሉም ሲሆን ብቻ ነው መንዳት የሚቻለው። ከኮላ ድባ ጎርጎራ በሰላም፣ ያለ ምክንያት፣ ሐይቁን ለማየት ብቻ ነድቶ መመለስ የሚችል ሰው ያለበት አገር ጤነኛ አገር ነው። ምን ያህል እንደራቅን የምለካው በዚህ ነው፤ የምመኘውንም የማውቀው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሙግቴን ልደምድም። ባለ ገንዘቡን አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ መኪናህን ስንት እንደገዛህ ሳትነግረን እንዴት እንደምትሄድ ንገረን፤ መናገር ካቃተህ መኪናው ያንተ አይደለም። ሸራ የለበሰች ዲኤክስ ያለህ ወንድሜ፣ ገልጠህ አውጣት፤ ፍሬኗን አሠራ፣ ጎማዋን ቀይር፣ መንገዱ ሲፈቅድ ንዳት፤ ብረት በመቆም ይዝጋል እንጂ በመሄድ አይዝግም። ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች በዓመት አንድ ቀን እንኳ አንድ ገላጣ ሜዳ ያዘጋጁ፤ ውሃ ያርከፍክፉበት፤ ወጣቱ ሰው በሌለበት ይንሸራተት፣ ይማር፣ ሰው ባለበት እንዳይንሸራተት። ባለ ቅኔ ሆይ፣ አንተ ደግሞ አንድ ቀን ከተሳፋሪው ወንበር ተነሥና መሪው ኋላ ተቀመጥ። ትንሽ መኪና ትበቃሃለች። መስኮቱን ክፈት፤ ሞተሯን ስማት፤ የምትለውን ጻፍልን።